አባቴ ያጸዱት ወንበር

አሮጌ የእንግሊዝ ወንበር ላይ ስቀመጥ፣ የሚያነክሰው በየትኛው እግሩ እንደሆነ ጎንበስ ብዬ ሳላይ አውቀዋለሁ። ጉራ ከመሰላችሁ ይምሰላችሁ፤ ግድ የለኝም። ከሲያትል ደቡብ ስካይዌይ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ የመኪና ጥገና ጀርባ ባለች ሁለት መኪና በማታስቆም ክፍል ውስጥ፣ የሰው አያት የተቀመጠበትን ወንበር ሳክም ዓመታት አልፈዋል። ከእጄ ወጥቶ ተመልሶ ያነከሰ ወንበር የለም። ሳያነክስ ያሳፈረኝ ግን አንድ አለ፤ የማወራው ስለ እሱ ነው።

ወደ ሙያው የገባሁት በመጥረጊያ ነው። ሲያትል በገባሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ኮሎምቢያ ሲቲ የሚባል ሰፈር አጠገብ የወንበር መጠገኛ የነበረው አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ የእንጨቱን ፍቅፋቂ ጠዋት ጠዋት እንድጠርግለት ቀጠረኝ። እኔ ደግሞ የአናጢ ልጅ ነኝ፤ መላጊያ እንጨት ላይ ሲሄድ ድምፁን ሰምቼ ስለቱ መደነዙን አውቃለሁ። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ «መላጊያህ ደንዟል» አልኩት። ሰውየው ቀና ብሎ አየኝ፤ ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፤ መጥረጊያውን ከእጄ ተቀብሎ የመሳያ ድንጋይ ሰጠኝ።

አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ሠራሁ። እንግሊዝኛ አንቱ ስለሌለው ከእሱ ጋር መጨቃጨቅ ቀላል ነበር። ሳጠፋ ይጮህብኛል፣ ሲያጠፋ እጮህበታለሁ፣ ከዚያ ተቀምጠን ሳንድዊች እንካፈላለን። ጩኸቱ ደግሞ ቁም ነገር ነበረው፤ ጥፋቱ ከየት እንደመጣ እስኪገባኝ ድረስ አይለቀኝም። ዛሬ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት በዚያ ጩኸት ነው።

የአገሩን የወንበር ታሪክም የነገረኝ እሱ ነው፤ ተረት ሲያወራ እንጂ ሲያስተምር አይመስልም ነበር። ከለንደን ብዙ በማይርቁ ኮረብቶች ላይ፣ ቢች የሚባል ዛፍ በሞላበት ጫካ ውስጥ፣ ሥራቸው የወንበር እግር ብቻ የነበረ ሰዎች ነበሩ። ወንበር አይሠሩም፤ እግር ብቻ። ዛፉን እዚያው ይጥላሉ፣ እዚያው ይፈልጣሉ፣ በእግራቸው በሚረግጡት ቶርኖ እርጥቡን እንጨት እያሽከረከሩ ይቀርጹታል። ቶርኖውን የሚያዞረው ጫፉ ላይ ገመድ የታሰረበት አንድ ቀጭን ግንድ ነው፤ ሲረግጡት ይጎብጣል፣ ሲለቁት ተመልሶ ይቃናል። እግሩን ከምረው በነፋስ ካደረቁ በኋላ ወደ ከተማ ይልኩታል። ከተማ ውስጥ ሌላ ሰው መቀመጫውን ብቻ ከወፍራም ጣውላ ይፈለፍላል፤ ሌላው የጀርባውን ዘንግ በእንፋሎት አለስልሶ ያጎብጣል፤ ሌላው ይገጣጥማል። የእግሩ ሰው የመቀመጫውን ሰው በመልክም ላያውቀው ይችላል። ወንበሩ ሲያልቅ የባለ ሱቁ ስም በማኅተም ተመትቶ ይወጣል፤ ጫካ ውስጥ ዝናብ እየወረደበት እግር ሲቀርጽ የኖረው ሰውዬ ግን ስሙ የትም የለም።

ብልሃታቸው ያስቀናኛል። እግርና እግርን የሚያያይዘውን አግዳሚ አጥንት እስኪመስል ያደርቁታል፤ የሚሰካበት እግር ግን ገና ጥቂት እርጥበት አለው። እግሩ በኋላ ሲደርቅ እየጠበበ አግዳሚውን አንቆ ይይዘዋል። ምስማር የሚባል ነገር የለም። ኮላው ከከብት ቆዳ የተቀቀለ ስለሆነ በሙቅ ውሃ ይለቃል፤ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣ ጠጋኝ ሳይሰብር እንዲፈታው። ለማያውቁት ሰው ማሰብ ማለት ይህ ነው።

ከዚህ ሁሉ ትምህርት ውስጥ አንዱ ሕግ ከሁሉም ይበልጣል። የተሰበረውን ጠግኚ፤ ዘመን የሠራውን አትንኪ። የአሮጌ ወንበር ክንድ ጠቁሮ የሚያብረቀርቀው ቀለም ተቀብቶ አይደለም። የእጅ ወዝ ነው። አባት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ እጃቸውን እያሳረፉበት እንጨቱ የጠጣው ወዝ። በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ለማንሳት አንድ ሰዓት ይበቃል፤ ለመመለስ ሌላ መቶ ዓመት ያስፈልጋል።

ሽማግሌው ሱቁን ሲዘጋ መሣሪያዎቹን ይዤ ስካይዌይ ገባሁ። አባቴ ከአዲስ አበባ የመጡት ከዚያ በኋላ፣ እናቴ ካረፈች በዓመቱ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በዋንዛና በዝግባ ሲሠሩ የኖሩ አናጢ ናቸው፤ አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ ቡፌ። እዚህ መጥተው ሶፋ ላይ ሲቀመጡ ግን ቀን በቀን እያነሱ ሄዱ። ልጄን በአማርኛ ሲጠይቋት በእንግሊዝኛ ትመልስላቸዋለች። እሁድ በባቡር ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ይመለሳሉ፤ የቀረውን ስድስት ቀን መስኮቱን ሲያዩ ይውላሉ። ጠዋት ልብስ መቀየር ሲያቆሙ ፈራሁ። በፒጃማ የሚውል አባት አላውቅም ነበር።

አንድ ሰኞ እየተነጫነጩ ወደ ሱቄ ወሰድኳቸው። በሩን ከፍቼ ገና እግራቸው ሳይገባ አየሩን ማግ አደረጉና «ይሄማ የኛ ኮላ ነው» አሉ። እሳት ላይ የተጣደችውን ትንሽ ድስት ከፍተው በእንጨት አማሰሏት፤ ቀጥናለች ብለውም ተቆጡ። በልጅነታቸው ከአሠሪያቸው ዘንድ ሲያፈሉት የኖሩት ያንኑ የቆዳ ኮላ ነበር። ከማግስቱ ጀምሮ ከእኔ ቀድመው ለብሰው መኪናው አጠገብ ይቆሙ ጀመር።

የእንግሊዞቹን ታሪክ ብነግራቸው አልተደነቁም። አንዱ እግሩን፣ አንዱ ጀርባውን፣ አንዱ መቀመጫውን ከሠራው ወንበሩን ማን ሠራው ይላሉ። ሁሉም አልኳቸው። እንግዲያ ማንም አልሠራውም ብለው ሳቁብኝ። በእሳቸው ዓለም አናጢ ማለት ከጣውላው እስከ ቫርኒሹ ራሱ ሠርቶ ምስጋናውንም ስድቡንም ራሱ የሚቀበል ሰው ነው። ቢሆንም እጃቸው ወዲያው ለመደው። አንድ የላላ አግዳሚ ሲያስገቡ አይቼ፣ እንግሊዛዊው አሠሪዬ በሕይወት ቢኖር እንዴት ይወዳቸው ነበር ብዬ አሰብኩ። ሱቋ ለእኔ መተዳደሪያ ናት፤ ለአባቴ ግን ጠዋት የሚነሱበት ምክንያት ሆነች። ይህን አንድ ቀን እንኳ አልረሳሁትም፤ ያጠፋሁትም ባለመርሳቴ ነው።

የዚያ ያሳፈረኝ ወንበር ባለቤት፣ አንዲት ሴትዮ፣ ከከተማው ሰሜን ጫፍ ከሌክ ሲቲ የመጣችው ዝናብ በበዛበት ሳምንት ነው። ዕድሜዋ ከአባቴ ብዙ አያንስም። ወንበሩን በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ ሕፃን እንደታቀፈ ሰው ደረቷ ላይ አድርጋ ገባች። የአባቷ ነበር፤ ከእንግሊዝ ሲመጣ በመርከብ ያመጣው፣ እሱም ከአባቱ የወረሰው። አንዱ እግር ላልቷል፣ አግዳሚው ተሰንጥቋል። ክንዶቹ ጥቁር ናቸው፤ መብራት ስር ሲሆኑ ወዛቸው ይታያል። እግሩ ብቻ ይሠራልኝ አለች። ከበሩ ተመልሳ ደግማ እግሩ ብቻ አለችኝ። ይህንኑ ወረቀት ላይ ጽፌ ወንበሩ ላይ አሰርኩት፤ በእንግሊዝኛ።

ሐሙስ ዕለት ደረቅ እንጨት ልመርጥ ጎረቤት ከተማ ታኮማ ሄድኩ። የቀረውን እኔ እጨርሰዋለሁ አሉኝ አባቴ፤ እኔም አምኛቸው ሄድኩ። ላምናቸውም ይገባ ነበር፤ እግሩን ያጠበቁበትን አሠራር ዛሬም ለሰው አሳየዋለሁ ብል አላፍርም። ችግሩ ከእግሩ በኋላ የሠሩት ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ለጥገና የመጣ ዕቃ ተጠግኖ ብቻ አይመለስም። እግሩ የላላ ወንበር እግሩ ከጠበቀ በኋላ ይፋቃል፣ ይቀባል፣ ባለቤቱ የኔ ነው እንዴ እስኪል ድረስ ያበራል። የታዘዘውን ብቻ ሠርቶ ከነእድፉ መመለስ ባለቤቱን መናቅ ነው። አናጢ ምርቃት ይጨምራል፤ ደንበኛውም በምርቃቱ ነው ሰፈር ሙሉ የሚያወራለት።

ከቀትር በኋላ ስመለስ አባቴ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ወንበሩ አጠገብ ቆመው ነበር። ወንበሩ የተላጠ የበቆሎ እሸት መስሏል። ክንዶቹ ነጥተው፣ ለስልሰው፣ በቫርኒሽ ያበራሉ። ወለሉ ላይ የወደቀው ጥቁር ብናኝ ገና አልተጠረገም። የአሥራ አንድ ዓመት ጩኸት ጉሮሮዬ ድረስ መጣ፤ ያደረገው አሠሪዬ ቢሆን ኖሮ መንገድ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ይሰማኝ ነበር። አባቴ ግን ፊቴን እያዩ ይጠብቃሉ። ከመጡ ጀምሮ እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።

«እጅዎ ይባረክ፣ አባባ» አልኳቸው።

ሴትዮዋን የጠራኋት አባቴ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ባላቸው ቀን ነው። ወንበሩን ዞር ዞር ብላ አየችው። ቀስ ብላ ተቀመጠችና ሁለት መዳፏን ክንዶቹ ላይ አሳረፈች፣ ወዲያው አነሳቻቸው። ማን ነው ይህን ያደረገው ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ነኝ አልኳት። ለምን አለችኝ። ስህተት ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ብቻ አልኩ። እሷም እጇን እዚያ ስታሳርፍ የአባቷን እጅ የምትነካ ይመስላት እንደነበር ነገረችኝና ወንበሩን ጠቅልላ ወጣች። በሩን ቆልፌ አለቀስኩ። በሥራዬ ምክንያት ያለቀስኩት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

ሴትዮዋ ምን አለች ብለው ጠየቁኝ አባቴ ማታ እራት ላይ። በጣም ወደደችው አልኳቸው። አላልኩሽም ብለው ሌላ እንጀራ ቆረሱ።

ከዚያ በኋላ ያለው የእኔ ሞኝነት ነው። የብርጭቆ ወረቀቱን ሁሉ ሰብስቤ መኪናዬ የዕቃ መጫኛ ውስጥ ቆለፍኩ። አዲስ ወንበር ሲመጣ ሳያዩት ጥግ አስቀምጥና በሸራ እሸፍነዋለሁ። እሳቸውን ኮላ አስፈላቸዋለሁ፣ ብሎን አስለቅማቸዋለሁ፣ ያንኑ መዶሻ ሦስት ጊዜ እጀታ አስቀይራቸዋለሁ። የሚያስከፋቸው ነገር እንዳይደርስባቸው መጠበቄ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏል ይህ ነው። አባቴ ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲያሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሥራ የተነፈገ ሠራተኛ ምን እንደሚመስል ከእኔ በላይ ያውቃሉ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ጉልበቴን አሞኛል አሉና ከአልጋቸው አልተነሱም። በማግስቱም አሟቸው። ከዚያ መጠየቁን ተውኩት። ከሥራ ስመለስ ሶፋው ላይ በፒጃማቸው አገኛቸዋለሁ፤ ቴሌቪዥኑ እንኳ አልተከፈተም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ እኔ ግን እስኪጠራ መጠበቅ አቃተኝ። አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ነጠላቸውን ገና ሳያወልቁ፣ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ወዙ ምን እንደነበረ፣ ሴትዮዋ ምን እንዳለች፣ እኔ ነኝ ማለቴን፣ የብርጭቆ ወረቀቱን መደበቄን። ከዚያም ነጠላቸውን አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«አርባ ዓመት ሠራተኛ ስቆጣ ኖሬአለሁ» አሉኝ። «ማንን እንደማልቆጣ ታውቂያለሽ? ከእንግዲህ አይረባም ብዬ ተስፋ የቆረጥኩበትን።»

አዝኜልዎ ነው ልላቸው ነበር። ቃሉ አፌ ውስጥ እያለ ምን ያህል ስድብ እንደሆነ ገባኝና ዋጥኩት። ሴትዮዋ ዘንድ ውሰጂኝ አሉ። ቤቷ ድረስ መሄድ ነውር ይሆናል ብዬ ብከራከርም አልሰሙኝም፤ ያበላሸ ሰው ደጅ ድረስ ሄዶ ነው የሚናገረው አሉ። ደወልኩላት። ረቡዕ ኑ አለችኝ።

ረቡዕ ዕለት ሌክ ሲቲ፣ ቤቷ ደረስን። አባቴ ለሠርግ የሚለብሱትን ኮት ለብሰዋል። ወንበሩ መስኮቱ ስር ነበር፤ ባዶውን። ሴትዮዋ ሌላ መቀመጫ ብታሳያቸውም አልተቀመጡም። ቆመው፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው በአማርኛ ጀመሩ። እኔ መሐላቸው ቆሜ አስተረጉማለሁ።

ጥፋቱ የእሳቸው እንጂ የልጃቸው እንዳልሆነ ተናገሩ። በአገራቸው የእጅ እድፍ ይጸዳል እንጂ እንደማይጠበቅ፣ አክብሮት መስሏቸው እንዳደረጉት ተናገሩ። ይህን መተርጎም አልከበደኝም። ከዚያ ወደ ወንበሩ ጠጋ ብለው ሁለቱን ክንዶች በጣታቸው አሳዩ።

«የግራው ክንድ ከቀኙ ዝቅ ያለ ነበር፤ የጥፍር ውፍረት ያህል» አሉ። «የአናጢው ጉድለት መስሎኝ ቀኙን ፍቄ አስተካከልኳቸው። አሁን ሳስበው አናጢው አልተሳሳተም። ያጎደጎደው አባትሽ ነው።»

ይህን አላውቅም ነበር። ከምታውቀው በላይ መጥፋቱን መስማት ምን ይጠቅማታል ብዬ ሳልተረጉም ቆየሁ። አባቴ ዞር ብለው አዩኝ። አንድም ቃል እንዳታስቀሪ አሉኝ። ተረጎምኩላት።

ሴትዮዋ ወደ ወንበሩ ሄደች። የጎደጎደው ቦታ በትክክል የት ጋ እንደነበር ጠየቀቻቸው። አባቴ አላመነቱም፤ ከክንዱ መታጠፊያ አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ለክተው፣ ከዚህ እስከዚህ ብለው በጥፍራቸው መስመር አሳዩዋት። እጃቸው ያስታውሳል። እሷም ተቀምጣ ክርኗን እዚያ አሳረፈችና ትንሽ ወደ ግራ ዘመም አለች።

ልጅ እያለች በግራው በኩል ወለሉ ላይ ትቀመጥ እንደነበር ነገረችን። አባቷ መጽሐፍ ሲያነብላት ሥዕሉን እንድታይ በክርኑ ተደግፎ ወደ እሷ ያዘነብል ነበር፤ ማታ ማታ፣ ለዓመታት። «ረስቼው ነበር» አለች። «ያን ያህል ጊዜ ማንበቡን ረስቼው ነበር።» እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። አባቴ ትርጉሙን ሳይጠብቁ ኮፍያቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ዝቅ ብለው እጅ ነሷት።

ይቅር ብያለሁ አላለችም፤ እኛም ቃሉን ከአፏ አልጠበቅንም። ስንወጣ ግን በሩ ላይ አስቆመችንና እግሩ በጣም ጥሩ ሆኗል፣ ወለሉ ወጣ ገባ የሆነበት ቦታ ላይ እንኳ አይነቃነቅም አለች። ስተረጉምላቸው አባቴ ያልሰማ ሰው መሰሉ፤ ደረጃውን ግን ምንም ሳይደገፉ ወረዱ።

አውራ ጎዳናው በመኪና ተጨናንቆ ነበር። ዝናቡ መስታወቱን ይመታል፣ መኪናው አይንቀሳቀስም፣ አባቴ ከጎኔ ናቸው። እድሜዬን ሙሉ ያላደረግሁትን ለማድረግ ከዚያ የተሻለ ቦታ አላገኝም ነበር።

«አባባ» አልኩ፣ ዓይኔን ከመንገዱ ሳልነቅል። «በእኔ ሱቅ ደንበኛ ያላዘዘው ሥራ አይነካም። ወረቀት የታሰረበት ዕቃ ካለ፣ ምን እንደሚል ሳያውቁ መሣሪያ አያነሱም። ካልገባዎት ኮል ያድርጉልኝ፤ ስልኩ የተገዛልዎ ለምንድን ነው? የሰው አባት እጅ ነው ፍቀው የጣሉት። እሺ፣ እኔም ወረቀቱን በአማርኛ አልጻፍኩም፣ ዋሽቼዎታለሁ፣ እሱ የኔ ጥፋት ነው። ሁለተኛ ግን ሳይጠይቁኝ የብርጭቆ ወረቀት ቢያነሱ፣ አባቴ ነዎት አልልም፣ ኦኬ? ከሱቄ ነው የማስወጣዎት።»

ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። አባቴ አላቋረጡኝም፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

«ጨረስሽ?» አሉ።

«ጨርሻለሁ።»

«ነገ ስንት ሰዓት ነው የምንከፍተው?»